ብርሃንን ወደ መጣበት የሚመልስ ጥግ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት በሌሊት የወረደ ሰው፣ ጉም መንገዱን ሲሸፍነው ከፊቱ ያለውን ተሳቢ ቀድሞ የሚያሳየው ከኋላው የተለጠፈው ቀይ አንጸባራቂ መሆኑን ያውቃል። በዚህ ክረምት ያንን ነገር በቤቴ ልሠራ ሞከርሁ።

ተራ መስታወት በሰያፍ የመጣበትን ብርሃን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይልካል። ሦስት መስታወቶች ግን እንደ ክፍል ጥግ በ90 ዲግሪ ሲገናኙ፣ እያንዳንዳቸው የጨረሩን አንድ አቅጣጫ ስለሚገለብጡ፣ ጨረሩ ከመጣበት መስመር ጋር ትይዩ ሆኖ ይመለሳል። አፖሎ 11 በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ጨረቃ ላይ ትቶት የመጣው ሰሌዳ እንዲህ ያሉ 100 ጥጎች አሉት፤ ከምድር የተላከ ሌዘር እዚያ ደርሶ ለመመለስ 2.5 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል።

የእኔዎቹ መስታወቶች ወርድና ቁመታቸው 10 ሴንቲ ሜትር ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ብቻ ከጎረቤቴ አናጺ በተዋስሁት ስኳድራ ገጥሜ፣ ከ5 ሜትር ርቀት በቀዳዳ ካርቶን በኩል ሌዘር ላክሁባቸው። የተመለሰው ነጥብ ከቀዳዳው 17 ሴንቲ ሜትር ርቆ አረፈ። የማዕዘኑ ስሕተት በጨረሩ ላይ እጥፍ ስለሚሆን፣ ይህ ማለት ጥጉ አንድ ዲግሪ ያህል ተዛንፏል ማለት ነው። (አጠገቡ የታየው ደብዛዛ ነጥብ ከመስታወቱ የፊት ገጽ የተመለሰ ነው፤ እኔ ግን አንድ ማታ ሙሉ እጄን ስወቅስ አመሸሁ።) ከአንደኛው መስታወት ጠርዝ ሥር ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ ወረቀት ባስገባሁ ቁጥር ነጥቡ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀዳዳው ይጠጋ ነበር፤ በ17ኛው ወረቀት ገባ።

ሦስተኛውንም በዚሁ ጥንቃቄ ከጨመርሁ በኋላ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። በጨለማ የእጅ ባትሪውን ጉንጬ ላይ ሳስጠጋው ጥጉ እንደ ፋኖስ ያበራል፤ ወደ ወገቤ ሳወርደው ድርግም ይላል። ብርሃኑ በታማኝነት የሚመለሰው ወደ ባትሪው እንጂ ወደ ዓይኔ አይደለምና። የመኪና ሹፌርም ችግሩ ይኸው ነው፤ ዓይኑ ከመብራቱ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ በ100 ሜትር ርቀት ልዩነቱ 0.34 ዲግሪ ይሆናል። ስለዚህ የመንገድ አንጸባራቂ ብርሃኑን ጥቂት እንዲበትን ታስቦ ነው የሚሠራው። የከባድ መኪና ሹፌር ዓይን ግን ከመብራቱ በእጅጉ ይርቃል፤ ሐረጎን በብዛት የሚወርደው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ምልክቱ ከሌላው ይልቅ የሚደበዝዘው ለእሱ ነው።

በመጪው ሳምንት ያን ያህል የደከምሁባቸውን ወረቀቶች ሦስት አራቱን አውጥቼ፣ ብርሃኑ ጥቂት እንዲበተንና ባትሪው ወገቤ ላይ እያለ ከሩቅ እንዲታየኝ እሞክራለሁ።