የቷ ልጅ?

ከሌሊት ፈረቃ ተመልሼ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። መጋረጃውን ግጥም አድርጌ ብዘጋውም ሰውነቴ አልሞኝም አለ። ማክሰኞ የጀመረው ዝናብ አላባራም፤ ሆዴም ባር ባር እንዳለው ነው። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፤ ይህ ወር ሲመጣ እንዴት እንደምሆን ታውቃላችሁ።

ጠዋት መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ሳለሁ ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ «ዌን ኤ ማን ላቭስ ኤ ውመን» (ወንድ ሴትን ሲያፈቅር) መጣ። የአሜሪካዊው ዘፋኝ የማይክል ቦልተኑ። ሳግ ያዘኝ። ልጅቷ የትውልድ ቀኔን ስትጠይቀኝ በእኛ አቆጣጠር ነገርኳትና ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለች ሰው የለችም አለ። አንድ ዘፈን ሰባት ዓመት አስረጀኝ።

ወንድም ጋሼ አንድ የስሎው ካሴት ነበረችው። ቴፑ ሲበላበት በቢክ እስክሪብቶ እየጠቀለለ ያድናታል። ይሄ ዘፈን ከሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ ነበር። የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት የምትመለስበትን ሰዓት ጠብቆ መስኮቱን ይከፍትና ድምፁን ይለቀዋል። እኔ ቃሉ አይገባኝም፤ የሚጮኸው ሰውዬ ግን የምር እንደተጎዳ አልጠራጠርም ነበር። ዘፈኑ የሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችልማ ማን አስቦት።

ቦልተን የተጫወተው በ1991 ነው። ከዚያ 25 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1966 (እኛ ዘንድ ገና 1958 ነበር)፣ ፐርሲ ስሌጅ የሚባል የአላባማ ሰው ዘፍኖት በአሜሪካ አንደኛ ወጥቷል። ስለ እሱ ካነበብኩት ሁሉ ከአእምሮዬ የማይወጣው ሥራው ነው። ሆስፒታል ውስጥ ረዳት ነበር፤ ሕመምተኛ ያነሳል፣ ያገላብጣል። የእኔው ሥራ! እሱ ቅዳሜና እሁድ ከባንድ ጋር ይዘፍን ነበር፤ እኔ ቅዳሜና እሁድ ልብስ አጥባለሁ። እኔም እኮ ሥራ ላይ አንጎራጉራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት አዛውንት እያገላበጥኩ ይህንኑ ዜማ ሳዜም፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ሆድሽን አመመሽ እንዴ?» አሉኝ።

እሱ እንዳወራው፣ ዜማውን ከጥጥ ማሳ ዘመኑ ጀምሮ ሲያንጎራጉረው ኖሯል። ወረቀቱ ላይ ግን ደራሲዎቹ የባንድ ጓደኞቹ፣ ካልቪን ሉዊስና አንድሩ ራይት ናቸው። ሰጠኋቸው ነበር የሚለው። ስለዚህ ሌላ ዘፋኝ ባነሳው ቁጥር የደራሲው ድርሻ እሱ ቤት አይገባም ነበር ማለት ነው። አስቡት፤ ዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰው ለሴት ሲል የልብ ጓደኛውን እንኳ ይተዋል፤ ዘፋኙ ደግሞ ለጓደኞቹ ሲል ዘፈኑን ይተዋል። የቱ ነው የባሰ አፍቃሪ?

የ1966ቱን ልብ ብላችሁ ስሙት። መጨረሻው አካባቢ ትራምፔቶቹ ከቅኝት ወጣ ይላሉ። እንደገና ተቀድቶ ነበር፣ በስህተት የመጀመሪያው ታተመ ይባላል። እሰይ! ፐርሲም ይጮሃል፣ ግን ሰው የሌለ መስሎት ነው። ቦልተን ሰው እንዳለ ያውቃል። ግራሚውን የወሰደው ቦልተን ነው፤ እኔም ብሆን የማለቅሰው በቦልተን ነው፤ ምን ላድርግ፣ መጀመሪያ የሰማሁት እሱን ነው። ቤት ሚድለር (ስሟ ነው፣ እኔ አላወጣሁላት) «ዘ ሮዝ» ፊልም ላይ ስትዘፍነው ደግሞ ውዳሴው ተገልብጦ ክስ ይሆናል። «ወንድ ሲያፈቅር እንዲህ ነው አላችሁ? እስቲ አሳዩኝ» የምትል ነው የምትመስለው።

በእኛማ ትዝታን ማን ደረሰው ብሎ የሚጨነቅ የለም። ጌታቸው ካሳም፣ ማህሙድም፣ በዛወርቅም ተጫውተውታል፤ የሁሉም የራሳቸው ነው፤ አንዱ የሌላውን ወሰደ የሚል አልሰማሁም። ታዲያ እኔ ለፐርሲ ሲሆን እንዲህ የምብከነከነው ምን አግብቶኝ ነው?

እዚያ ሳይመሽ ብዬ ወንድም ጋሼ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጥጡን፣ ሆስፒታሉን፣ ወረቀቱን።

«እና ምን ይጠበስ?» አለኝ። «ለዚህ ነው የደወልሽው?»

«ካሴትህስ የት ደረሰች?»

«የእኔ መቼ ነበረች። ከሰፈር ልጅ ተውሼ ሳልመልስ ቀረሁ እንጂ። እሱም ከሌላ ሰው ነው ያስቀዳት።»

«በመስኮት የምትከፍተው ለዚያች ልጅ አልነበር እንዴ?»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«የቷ ልጅ?»

ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ማታ ፈረቃ አለኝ። ዓይኔ እንደተቃጠለ ነው፤ ጠብታውን መድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይ ትቼው መጥቻለሁ።