የሌለው ሰው ጾም

ስለ ምናኔ የሚነገረው ታሪክ አብዛኛው ካለው ሰው ይጀምራል። አባ እንጦንስ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ ሰፊ ለም መሬት የወረሰ ወጣት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ «ፍጹም ልትሆን ብትወድ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለው ወንጌል ሲነበብ ሰማ፤ መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ ሌላውን ንብረት ሸጦ መጸወተና ወጣ። ቡድሃ የምንለው ሲዳርታም ቤተ መንግሥት ትቶ የወጣ ልዑል ነው። ኢማም ጋዛሊ በ1095 እ.ኤ.አ. ባግዳድ ላይ ትልቁን የመምህርነት ወንበር ትቶ ሲወጣ ስሙ የገነነ ሊቅ ነበር። የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ ደግሞ ከኔሮን ቤተ መንግሥት ባለጸጎች አንዱ ሆኖ ሳለ ለወዳጁ ሲጽፍ፣ አልፎ አልፎ ጥቂት ቀን ለይተህ ርካሽ ምግብ ብላ፣ ሻካራ ልብስ ልበስ፣ ከዚያ «ስፈራው የነበረው ይሄ ነው?» ብለህ ራስህን ጠይቅ ይለዋል።

ሁሉም የተዉት ያላቸውን ነው። የሌለው ሰውስ ምን ይተዋል?

ጥያቄው የመጣብኝ ከመጽሐፍ አይደለም። እዚህ ሐዋሳ፣ አቶቴ በተከራየንበት ግቢ እንጀራ የሚጋግሩልን አንድ እናት አሉ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቀምሱም፤ ግን ከጠዋት ጀምሮ ምጣድ ፊት ናቸው። መብራት ከሄደ ጓሮ ወጥተው በባሕር ዛፍ ቅጠል ይጋግራሉ፤ ጭሱ ዐይናቸውን ያቀላዋል። ምጣዱን በጎመን ዘር ያስሳሉ፤ ሊጡን ከዳር ጀምረው ወደ መሃል ያዞሩታል፤ ዐይን ሲያወጣ አክንባሎውን ይከድናሉ። የመጀመሪያው ማሟሻ ነው። ምጣዱ በቅጡ ስላልጋለ ዐይኑ አይከፈትም፤ ገበታ ላይ አይቀርብም፤ ስለዚህ በልማድ የጋጋሪዋ ነው። ሽታው ሲደርሳት ከወዲያኛው ክፍል አንዲት ትንሽ ልጅ ትመጣለች፤ ማንም አይጠራትም። ማሟሻውን በበርበሬና በዘይት ነካ ነካ አድርገው፣ ጠቅልለው በእጇ ያስይዟታል። እሳቸው ጣታቸው ላይ የቀረውን እንኳ በጨርቅ ነው የሚጠርጉት።

አንድ ቀን ጣሳውን ሲያነሡ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና «እማማ፣ እርስዎ እኮ ዓመቱን ሙሉ ጾመዋል። ዛሬ እንኳ አንድ ጉርሻ ቢቀምሱ ምን አለበት?» አልኳቸው።

ጣሳውን አስቀመጡት። «ልጄ፣ ዓመቱን ሙሉስ የራበኝ ነው። ረሃብን ማን ጠርቶት ያውቃል? ይሄኛው ግን የኔ ነው፤ እኔው ነኝ ለአምላኬ የማቀርበው። ይቺንም ልትወስጂብኝ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልጠፋም። እሳቸው የሚሉት ሆድ ያው አንድ ሆድ ሆኖ ሳለ፣ ተጭኖበት የራበውና ወዶ የጾመው አንድ አይደለም ነው። ረሃቡ ሲመጣ ፈቃዳቸውን አልጠየቀም። ጾሙ ግን ፈቃዳቸው ነው። ሁሉን ነገር ሌላ ሰው በሚወስንበት ኑሮ ውስጥ፣ ኪራዩን አከራዩ፣ የጤፉን ዋጋ ነጋዴው፣ የሥራ ሰዓቱን መብራት ኃይል በሚቆርጥበት ኑሮ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ጊዜ ብቻ የእሳቸው ነው።

ከፈላስፎቹ መካከል ይሄን ነገር ከውስጥ የሚያውቀው ኤፒክቴተስ ይመስለኛል። እሱ የሚተወው ርስት አልነበረውም፤ ባሪያ ሆኖ የኖረ፣ አንድ እግሩ የሚያነክስ ሰው ነው። ነጻ ከወጣ በኋላ ሲያስተምር ደጋግሞ ያነሣው የነበረው ነገር፣ ሰውነትህም ንብረትህም በሌላ እጅ ሊወድቅ ይችላል፣ ፈቃድህ ግን ያንተ ነው የሚል ነው። ራስህን መግዛት ስትለማመድ ለታይታ አታድርገው ይላል፤ በጣም ሲጠማህ ጉንጭህን በቀዝቃዛ ውኃ ሞልተህ ትፋው፣ ለማንም አትንገር። ይህን ሳነብ የጋጋሪያችን ጣት ነው ትዝ የሚለኝ።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ድሃው እኮ በጾሙ ደስተኛ ነው» የሚል ንግግር ሲጀመር ደሜ ይፈላል። በረሃብ ውስጥ ክብራቸውን መጠበቃቸው ረሃቡን ክቡር አያደርገውም። ሃይማኖቶቹም ቢሆኑ ራብን ለራሱ ሲሉ አላመለኩትም። ሲዳርታ የጎድን አጥንቱ እስኪቆጠር ድረስ ዓመታት ከተራበ በኋላ፣ በዚህ መንገድ እውነት እንደማይገኝ ገብቶት አንዲት ሴት ያቀረበችለትን በወተት የተቀቀለ ሩዝ በላ፤ አብረውት የነበሩት አምስት ባሕታውያንም «ተሸነፈ» ብለው ጥለውት ሄዱ። እኔ በዚያች ሰዓት ከመቼውም በላይ የበረታ ይመስለኛል። ቁርኣንም የታመመና መንገደኛ ጾሙን በሌላ ቀን እንዲተካ ይፈቅዳል። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን መጋቢት 2 ቀን አብረው ሲገቡ ግቢያችን ቀን ቀን ጭስ የሚታየው ከእንጀራ ምጣዱ ብቻ ነበር፤ ያኔ አርግዛ የነበረች ሙስሊም ጎረቤታችንን «አንቺ ብይ፣ አላህ ራሱ ፈቅዶልሻል» እያሉ የሚቆጧት እኚሁ እናት ነበሩ። ለሰው ሲሆን ሕጉን ያውቁታል።

ሐዋሳ ላይ ጾም በመጣ ቁጥር የዓሣ ክርክር ይነሣል። አባቶች አይፈቀድም ይላሉ፤ ብዙ ሰው ግን ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዶ ይበላል። እኔን የሚያሳስበኝ ዓሣው አይደለም። የሚያሳስበኝ የፍስክ ቀን ለቁርጥ የምናወጣውን ያህል ለፊሌቶና ለዳጣ አውጥተን፣ ሆዳችን ሞልቶ፣ አፋችንን እየጠረግን «ጾመኛ ነኝ» ማለታችን ነው። ጾማችን የምግብ ዓይነት መቀየር ብቻ ከሆነ ከገበታችን የተረፈው ነገር የት ሄደ? ለማን ደረሰ? እናታችን ማሟሻውን ለልጅቷ ሰጥተዋል። የኛ የት አለ?

ትናንት ማታ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58ን ከፍቼ አነበብኩ። ሁላችንም የምንወደው እንጀራህን ለተራበ ቁረስ የሚለውን ነው። ከእሱ በፊት ግን እንዲህ የሚል አለ፦ «እነሆ፥ በጾማችሁ ቀን ፈቃዳችሁን ታደርጋላችሁ፥ ሠራተኞቻችሁንም ሁሉ ታስጨንቃላችሁ።» ሠራተኞቻችሁን! ስለ ጾም በሚናገር ምዕራፍ ውስጥ ነቢዩ ከምግቡ አስቀድሞ የሠራተኛን ነገር አነሣ። ስግደታችንንና የቅዳሴ ሰዓታችንን እየቆጠርን የምንኖር ሰዎች ይሄን ቁጥር እንዴት ዘለልነው?

እኚህ እናት የሚከፈላቸው በእንጀራ ቁጥር ነው። ጤፍ ተወዶ፣ ኪራይ ጨምሮ፣ ባጃጅ እንኳ በእጥፍ ሆኖ የእሳቸው ሒሳብ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት በየበሩ እያንኳኳሁ ክፍያቸውን እንጨምር አልኩ። ቀድማ «እሺ» ያለችኝ ያቺው ሙስሊም ጎረቤታችን ናት፤ ሌላም ሰው ተስማምቷል። አንዱ ግን «ሌላ ጋጋሪ ሞልቷል» አለኝ፤ እሱም ጾመኛ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁላችንም ቡና ላይ እንገናኛለን፤ ዋጋውን እዚያው እንቆርጣለን። መጽሐፉን ይዤ እሄዳለሁ፤ ቁጥሩን እሱ ራሱ እንዲያነብልን ነው የምጠይቀው።