በረዶ መጥረጊያን ማሞቂያ በሌለው ጋራዥ ማሳደር

በረዶ በሚጥልበት አገር ቤት የተከራየ ስደተኛ ከቁልፉ ጋር አብሮ የሚረከበው ሥራ አለ፤ ደጁንና የመኪና መግቢያውን መጥረግ። ለዚህ የሚያገለግሉት ባለሞተሩ የበረዶ መጥረጊያ፣ አካፋውና የጨው መበተኛው ብዙውን ጊዜ የሚያድሩት ማሞቂያ በሌለው ጋራዥ ወይም ከቤቱ ጀርባ በተሠራ የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። ከእኔ በኋላ የመጡ ወገኖች በየዓመቱ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ትናንት ደህና የሠራው ማሽን ዛሬ ጠዋት ገመዱ አልሳብ፣ ጎማው አልዞር ያለው ለምንድን ነው?» አብዛኞቹ ብርዱን ይወቅሳሉ። እኔ ግን እስካሁን ካየሁት ተነሥቼ የምፈርደው ማሽኑ ይዞት በገባው ውሃ ላይ ነው።

ሥራው ሲያበቃ ሞተሩ ገና ትኩስ ነው። በየስንጥቁ የተሰገሰገው በረዶ በዚያ ሙቀት ይቀልጥና እየተንጠባጠበ በመጥረጊያው ዘንግ ዙሪያ፣ በኬብሎቹ ሽፋን ውስጥና በማስነሻው ገመድ መጠቅለያ ላይ ይጠራቀማል። ሌሊት ሞተሩ ሲበርድ ውሃው ባለበት በረዶ ሆኖ ይረጋል፤ ሲረጋም መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ጠባብ ቦታ ውስጥ የነካውን ሁሉ ጨብጦ ይይዛል። በዚህ ምክንያት አስቸጋሪው ቀን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚሆነው አይደለም፤ ያን ጊዜ የሚጥለው በረዶ እንደ ዱቄት ደረቅ ስለሆነ ከብረቱ ላይ በቀላሉ ይራገፋል። የሚያስፈራው በዜሮ ዲግሪ አካባቢ እርጥብ በረዶ ሲጥል ውሎ ማታ ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ የሚበረታበት ቀን ነው።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ደጃቸውን ጠርገው ሲጨርሱ ማሽኑን ወዲያው አያጠፉም። እዚያው ደጅ ላይ ሞተሩም ሆነ መጥረጊያው ለጥቂት ደቂቃ ባዶውን እንዲሠራ ይተዉታል፤ በዚህ መካከል የበረዶ መትፊያውን (በረዶውን የሚወረውረውን ቱቦ) አፍ በእጀታው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዞሩ፣ ማርሽና የነዳጅ መቆጣጠሪያውን እያንቀሳቀሱ በውስጡ የቀረውን ያስተፉታል። ከዚያም አጥፍተው ቁልፉን ይነቅላሉ፣ የሚዞረው ሁሉ እስኪቆም ይጠብቃሉ፣ የቀረውን በረዶ በብሩሽ ይጠርጋሉ፤ በመጨረሻም የማስነሻውን ገመድ ጥቂት ጊዜ ስበው እርጥበቱን ያራግፋሉ። የተወተፈውን በረዶ ለማውጣት ሁልጊዜ ዱላ ይጠቀማሉ እንጂ እጃቸውን አያስገቡም፤ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን የተወጠረ ምላጭ ድንገት ዞሮ ጣት ሊቆርጥ ይችላልና። ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚፈጀው ጊዜ፣ ጠዋት ከተጣበቀ ማሽን ጋር ከሚደረገው ትግል ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ወደ ውስጥ ሲገባም ማሽኑ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ባይቆም ይመረጣል፤ የሚንጠባጠበው ውሃ ጎማውን ከወለሉ ጋር ያጣብቀዋልና ከሥሩ ሳንቃ ማንጠፍ ይበቃል። እርጥብና ትኩስ እንደሆነ በላስቲክ መሸፈን ደግሞ እንፋሎቱን አፍኖ ማስቀረት ስለሆነ፣ መሸፈኛው የሚለብሰው ከደረቀ በኋላ ነው። አንዳንዶች አዝነውለት ነው መሰል ሞቅ ወዳለው የቤቱ ክፍል ያስገቡታል፤ ይህን አልመክርም። ቀዝቃዛ ብረት ሞቃት አየር ሲያገኝ ያልበዋል፤ ሞቆ የወጣ ማሽን ደግሞ የመጀመሪያውን በረዶ አቅልጦ በራሱ ላይ ይለጥፋል። ከሁሉም በላይ የቤንዚን ትነት እሳት ወዳለበት የውኃ ማሞቂያ ከደረሰ ቤቱን ሊያቃጥል ይችላል።

ወቅቱ ከመግባቱ በፊት በደረቀው የበረዶ መትፊያ ውስጥና በአካፋው ላይ ሲሊኮን ስፕሬይ መንፋት በረዶው እንዳይለጠፍ ያግዛል። የሞተር ዘይቱም የመመሪያ መጽሐፉ ለብርድ የሚያዝዘው ዓይነት መሆን አለበት፤ በብዙዎቹ ላይ 5ደብሊው-30 ነው። ኤታኖል ያለበት ቤንዚን እርጥበት ስለሚስብ፣ ካለፈው ዓመት የተረፈውን ከመጠቀም ይልቅ አዲሱን መቅዳት ካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ከመዘጋት ያድነዋል። ማሽኑ በሊቲየም ባትሪ የሚሠራ ከሆነ ማሽኑ ጋራዥ ቢያድርም ባትሪው ቤት ይግባ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሳለ ቻርጅ ማድረግ ውስጡን እስከ ወዲያኛው ይጎዳዋል።

በሩም አይረሳ። ከጋራዡ በር ሥር ያለው ላስቲክ ውሃ ካገኘው ከደፉ ጋር ስለሚጣበቅ፣ ማታ ውሃውን ጠርጎ ላስቲኩን ሲሊኮን መቀባት ይገባል፤ አለዚያ በሩ በሞተር የሚከፈት ከሆነ ላስቲኩን ቀድዶት ይነሣል። ውሃ የረጋበት የበር ቁልፍ ላይ ሙቅ ውሃ ማፍሰስም ለጊዜው ይከፍተው ይሆናል እንጂ ውሃው ተመልሶ ይረጋበታል፤ በአልኮል የተሠራው የቁልፍ ማቅለጫ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ቀን ማሽኑ ተጣብቆ ከተገኘ በጉልበት ማስነሣት አይገባም፤ ቀበቶው ይቃጠላል፣ ማሽኑን ከጉዳት ለማዳን ቀድሞ እንዲሰበር የተሠራውም ፒን ይሰበራል። ነዳጅ እንዳለበት እየታወሰ እሳት የሚባል ነገር ሳይጠጉበት፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ቀስ ብሎ እንዲላቀቅ መተው ነው። የሚነሣውም ደጅ ወጥቶ ነው፤ ጢሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ገዳይ ጋዝ ሽታ የለውም፣ የጋራዡ በር መከፈቱ ብቻውን አያድንም።