ደባል ሆኜ 14 ወር ኖርኩ፤ የወጣሁት ግን በሰባት ቀን ነው

ይህን የምጽፈው ለንደን ውስጥ በሰው ቤት አንድ ክፍል ይዛችሁ ያለ ኪራይ ውል ለምትኖሩ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። በሰባት ቀን ውጪ ተባልኩ። ያ ሰባት ቀን ደግሞ በሕግ በኩል ብዙም የሚነቀፍ አልነበረም። እስካሁን የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

ክፍሉን ያገኘሁት ብዙዎቻችን እንደምናገኘው ነው። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እህት «ደባል የሚፈልጉ እናት አሉ» አለችኝ። ማክሰኞ አየሁት፣ ቅዳሜ ገባሁ። የውል ነገር አልተነሳም። እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ ናቸው፤ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ቡና አፈሉልኝ። «እንፈራረም» ብላቸው የሰደብኳቸው መስሎ ነበር የተሰማኝ።

ኪራዩ በሳምንት 130 ፓውንድ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። በሳምንት ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። የምሠራበት ኬር ሆም (መጦሪያ ቤት) በየሳምንቱ ነበር የሚከፍለኝ። እሳቸው በወር ቢሆንም ግድ አልነበራቸውም።

አንድ ቅዳሜ ማታ ገንዘቡን ሰጥቻቸው ቡና ላይ ተቀመጥን። ቶናውን እየቀዱልኝ «ልጄ፣ የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው። ለፊታችን ቅዳሜ ክፍሉን ብትለቂልኝ» አሉኝ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። «እሺ እትዬ» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። ስኒው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ሰኞ ጠዋት ሼልተር ወደሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ደወልኩ። ስልኩ ነፃ ነው፤ መጠበቅ ግን አለው። የተቀበለችኝ ሴት መጀመሪያ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። አከራይሽ እዚያው ቤት ይኖራሉ ወይ? ኩሽና ወይም መታጠቢያ ቤት ትጋራላችሁ ወይ? ሁለቱንም አዎ አልኩ። ቀጥሎ የነገረችኝን ግን ከ14 ወር በፊት ነበር መስማት የነበረብኝ።

እንግሊዝ ውስጥ አከራዩ በሚኖርበት ቤት ኩሽና ወይም መታጠቢያ እየተጋራ የሚኖር ሰው ከተራ ተከራይ ጋር አይቆጠርም። በፈረንጆቹ 1977 የወጣው ተከራይን ከመፈናቀል የሚከላከል ሕግ፣ አንቀጽ 3ኤ ላይ ይህን ሰው ከጥበቃው አውጥቶታል። እሱን ለማስወጣት የፍርድ ቤት ትእዛዝ አያስፈልግም። ማስጠንቀቂያው በቃል ቢነገርም ይበቃል። የተስማሙበት ጊዜ ከሌለ የቀኑ ቁጥርም የለም፤ «ምክንያታዊ ጊዜ» ነው የሚባለው። እሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ኪራይ በሚከፈልበት ጊዜ ነው። በወር የሚከፍል አንድ ወር፣ በሳምንት የሚከፍል አንድ ሳምንት። የራሴ ኩሽናና መታጠቢያ ኖሮኝ ደረጃና ኮሪደር ብቻ ብንጋራ ኖሮ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ያውም በጽሑፍ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ይገባኝ ነበር።

14 ወር መኖሬን አንስቼ ተጨማሪ ጊዜ እንድለምናቸውም መከረችኝ። አልለመንኳቸውም። አኮረፍኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሰላም ብዬ ብቻ ወደ ክፍሌ እገባ ነበር። አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ «እትዬ፣ ሁለት ሳምንት ይጨምሩልኝ» ብል የሚከለክሉኝ አይመስለኝም።

ከዚያ ወደ ካውንስል፣ ማለትም ወደ አካባቢው አስተዳደር። ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ቀና ሳይል «የኪራይ ውል» አለኝ። የለኝም። «የማስለቀቂያ ደብዳቤ» አለኝ። እሱም የለኝም፤ በቃል ነው የተነገረኝ። «በቃል የተነገረ አንቀበልም፣ ደብዳቤ አምጪ» ብሎ ቀጣዩን ጠራ። በሕጉ ግን መጠየቅና ማጣራት የካውንስሉ ሥራ ነው። በ56 ቀን ውስጥ ቤት አልባ ልትሆን የምትችል ሰው፣ ለእርዳታው ብቁ ከሆነች፣ ካውንስሉ የመርዳት ግዴታ አለበት። ከፈረንጆቹ 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው። ደብዳቤ የሌላት ትመለስ አይልም።

ይህን ያኔ አላወቅኩም። ደብዳቤ ፍለጋ ወደ እትዬ ሄድኩ። ፊታቸው ተለወጠ። ብቻቸውን ይኖራሉ ተብሎ የካውንስል ታክስ (ለካውንስሉ የሚከፈል የመኖሪያ ቤት ግብር) 25 በመቶ ይቀነስላቸዋል፤ የእኔ ስም ከወጣ ያ ይቀራል። «ልጄ፣ እኔን ወረቀት ውስጥ አታስገቢኝ» አሉኝ። ፍርሃታቸው ገባኝ። ግን እኔስ?

ሐሙስ ተመልሼ ሄድኩ። ሌላ ሠራተኛ ነበረች፤ ፈገግታ ያላት፣ ሻይ ትጠጪያለሽ ያለችኝ። በደንብ ሰማችኝና «አትውጪ። የፍርድ ቤት ወረቀት እስኪመጣ ቤቱ ውስጥ ቆዪ፤ በፈቃድሽ ከወጣሽ መርዳት አንችልም» አለችኝ። ሼልተር ፍርድ ቤት የሚባል የለም ብሎኛል አልኳት። «እኔ የምልሽን ስሚ» አለችኝ። ሰማኋት። ጥፋቴ ይኼ ነው። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ሲነግረኝ ጠረጴዛና ባጅ ያለውን አመንኩ። የነገረችኝ ለተራ ተከራይ የሚሰጠውን ምክር ነው፤ ለደባል የፍርድ ቤት ወረቀት ጭራሽ አይመጣም።

ቅዳሜ ረጅም ሺፍት ነበረኝ። ማታ አራት ሰዓት ላይ ቤት ደረስኩ። ቁልፌ ገባ፣ አልዞረም። እንደገና ሞከርኩ። ከውስጥ መብራት በራ፤ እትዬ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩን ገርበብ አደረጉ። «ልጄ፣ ቅዳሜ ብዬሽ አልነበር?» አሉኝ። ከኋላቸው ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሻንጣና አራት ጥቁር ፌስታል። ልብሴን አጣጥፈው ነው ያስገቡት። ጫማዬን ለብቻ፣ በጋዜጣ ጠቅልለው። ባይጠነቀቁልኝ ኖሮ መናደድ ይቀለኝ ነበር።

አምስት ሳምንት ጓደኛዬ ሶፋ ላይ ተኛሁ። ያዳነኝ አንዲት የዋትሳፕ መልእክት ናት። ሐሙስ ማታ «እትዬ፣ ቅዳሜ ክፍሉን እንድለቅ ነው አይደል የነገሩኝ?» ብዬ ጽፌላቸው በድምፅ መልሰውልኝ ነበር፤ «አዎ ልጄ፣ ቅዳሜ»። ሦስተኛ ጊዜ ካውንስል ስሄድ ያንን አሰማኋቸው። በስልክ አስተርጓሚ ተጠራ። የስድስት ሰከንድ ድምፅ ሁለት ጊዜ ተሰማና ማመልከቻዬ ተመዘገበ። ላጤና ጤነኛ ስለሆንኩ ጊዜያዊ መኖሪያ አልሰጡኝም፤ ለአዲስ ክፍል ዲፖዚት (መያዣ ገንዘብ) ግን ረዱኝ።

እንግዲህ እኔ የምለው ይኼ ነው። ደሞዛችሁ በሳምንት ቢሆንም ኪራዩን በወር ክፈሉ። ካውንስሉ የፈለገውን ቢል፣ ደባል ከሆናችሁ ቀኑ ሲደርስ በሩ ሊዘጋባችሁ እንደሚችል አስባችሁ ማደሪያ አዘጋጁ፤ መውጣታችሁ በፈቃዳችሁ እንዳልሆነ የሚያሳይ መልእክት ግን በእጃችሁ ይኑር። በቃል ውጡ ስትባሉ በዚያው ምሽት ጽፋችሁ ጠይቁ፤ «አዎ» የምትል መልስ ትበቃለች። መስኮት ላይ ያለው ሰው ከመለሳችሁ ማመልከቻዬን አልቀበልም ያልክበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጠኝ በሉት።

አዲሱ አከራዬም ያገሬ ልጅ ነው። አንድ ገጽ ጽፌ ሄድኩ፤ ኪራይ በወር፣ ማስጠንቀቂያ በሁለቱም በኩል አራት ሳምንት፣ በጽሑፍ። «እንዴ እህቴ፣ ባዕድ ነን እንዴ?» አለኝ። ልቤ ደረቴን እየመታ እስክሪብቶውን ዘረጋሁለት። ትንሽ አየኝና ፈረመ። ከዚያ ክፍሉን ሊያሳየኝ ወደ ላይ ወጣን።