የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ላይ ላለ ወንድ የስንፈተ ወሲብ ሕክምና፦ ከክኒኑ በፊት ያለው ሥራ

የምሠራው ከቸርችል ጎዳና ብዙ በማይርቅ ክሊኒክ ነው። የኩላሊት ታካሚ ይህን ችግር የሚያነሣው ሊወጣ የበሩን እጀታ ሲይዝ ነው፦ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ቀረኝ።» ስለዚህ አሁን ቀድሜ እጠይቃለሁ፤ «ከባለቤትዎ ጋር እንዴት ነዎት?» ይበቃል።

በቀጣዩ ቀጠሮ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል እንዲያመጡ አደርግና ጠረጴዛ ላይ እዘረግፈዋለሁ። መጀመሪያ የምፈልገው ለደረት ሕመም የሚሰጠውን ናይትሬት ነው፤ ከምላስ ሥር የሚደረገውም ይቆጠራል። ካለ የስንፈተ ወሲብ ክኒኑ ሲልደናፊል (ቪያግራ) ፈጽሞ አይታዘዝም፤ ሁለቱ አንድ ላይ የደም ግፊትን ቁልቁል ይጥላሉ። ለፕሮስቴት የሚሰጠው ታምሱሎሲንም ግፊት ያወርዳል። የግፊት መድኃኒቶቹ አቴኖሎልና ስፓይሮኖላክቶን ራሳቸው ችግሩን ሊያመጡ ይችላሉ፤ ግን አቴኖሎል በድንገት አይቋረጥም፣ ቀስ ተብሎ ይቀየራል። ለማቅለሽለሽ የሚወሰደው ሜቶክሎፕራማይድ ፍላጎትን የሚቀንሰውን ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ከፍ ያደርጋል። ብዙ ሰው ግን ከመድኃኒት አይቆጥረውም።

ከዚያ ደም። ሄሞግሎቢን ከ10 በታች ከሆነ ደም ማነሱን በአይረንና ደም እንዲመረት በሚያደርገው በኤሪትሮፖይቲን መርፌ ማከም ይቀድማል፤ ደረጃ መውጣት ያቃተው ሰው ፍላጎቱም ይሞታል። ለቴስቶስትሮን (የወንዴ ሆርሞን) ምርመራ ደም ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ይቀዳል፤ ዝቅ ካለ በሌላ ቀን ይደገማል። ልጅ የሚፈልግ ሰው ግን የቴስቶስትሮን መርፌ አይወጋ፤ የዘር ምርትን ያዳክማል።

ሲልደናፊልን በ25 ሚሊግራም እጀምራለሁ፤ የደከመ ኩላሊት ባለበት መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይቆያል። ባለ 50ው ብቻ ከተገኘ ለሁለት ይከፈላል። ከግንኙነት 1 ሰዓት በፊት፣ በቀን አንዴ ብቻ፣ እጥበት በሌለበት ቀን ይወሰዳል፤ ከእጥበት በኋላ ውሃው ስለተቀነሰ ግፊቱ ዝቅ ይላል። ከ90/50 በታች ከሆነ አላዝም።

«አልሠራልኝም» ብለው የሚመለሱትን በደንብ ስጠይቅ፣ አንዱ ቅቤ የበዛበት ምግብ በልቶ ወስዷል፤ ሌላው ውጦ ዝም ብሎ ጠብቋል። ክኒኑ ያለ ፍላጎትና ያለ መነካካት አይሠራም። አንድ ጊዜ ሞክሮ መተውም ትክክል አይደለም፤ ቢያንስ 6 ጊዜ እንዲሞክሩ እነግራለሁ። የታዘዘው ከዚሁ ዓይነት የሆነው ሌላው ክኒን ታዳላፊል ከሆነ እጥበት ላይ ላለ ሰው ከ5 ሚሊግራም አይበልጥም፣ በ72 ሰዓት ውስጥም አይደገምም። በማግስቱ ሌላ መጨመር የተለመደው ስሕተት ነው።

ደረቱን ካመመው፣ ናይትሬት እንዳይሰጡት፣ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ምን ክኒን በስንት ሰዓት እንደወሰደ ሳያፍር ይናገር። ብልቱ ከ4 ሰዓት በላይ ቆሞ ከቀረም እስኪነጋ አይጠብቅ።