ኳስ ሳይደርሰው ወደ ኋላ የሚያይ ልጅ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ልጅ ኳስ ሲችል ወሬው ከልጁ ቀድሞ ይሮጣል። ከሰዓት በኋላ ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጠው፣ ከሳቢያን መጋላ በባጃጅ የሚመላለሰው፣ ቀፊራ ገበያ ሸቀጥ የሚያወርደው፣ ሁሉም በየፊናው የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ነው። «አቦ፣ ይሄ ልጅ እኮ ለዋልያ ደርሷል!» የሚለውን ቃል ስለ አንድ የ17 ዓመት አማካይ ከስንት ሰው እንደ ሰማሁ መቁጠር ትቻለሁ። እኔም ልጁን ከአንድ ዓመት በላይ ተከታትዬዋለሁ፤ ስሙን ግን እዚህ አልጽፍም። ገና ተማሪ ነው፣ እናቱም የልጃቸው ስም በየሰው ስልክ ላይ እንዲዞር አይፈልጉም።

ሰው የሚያጨበጭብለት ለአብዶው ነው። አብዶ መቻሉ እውነት ነው፤ ለድሬ ልጅ ግን ይህ ብርቅ አይደለም። ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ጎርፍ በማይወርድበት ወቅት አሸዋው ላይ የተጫወተ ልጅ ሁሉ ሰው ማለፍ ይችላል። አሸዋ ላይ መሬት ለመሬት የተላከ ኳስ መንገድ ላይ ስለሚቀር ልጆች ከማቀበል ይልቅ ኳስን እግራቸው ሥር ይዘው መሄድን፣ ቆንጠር አድርገው በሰው እግር ላይ ማሳለፍን፣ በጠባብ ቦታ መሹለክን ይማራሉ። በዚህ ጭናቸው ይጠነክራል፣ ቁርጭምጭሚታቸውም ይታዘዛቸዋል፤ ዐይናቸው ግን ኳሱ ላይ እንደ ተተከለ ይቀራል። ሰፈር ውስጥ ንጉሥ የነበረ ስንት ልጅ ሣር ላይ ወጥቶ ኳስ በፍጥነት ሲመላለስበት ግራ እንደ ተጋባ አይቻለሁ። እንደኔ ከሆነ ከተማችን አብዶ የሚሠሩ ልጆችን በብዛት እያፈራች ጨዋታ የሚመሩ አማካዮችን በጥቂቱ የምታገኝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይህን ልጅ የተለየ የሚያደርገው አንገቱ ነው። ባለፈው ሐሙስ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ ሳቢያን ካለው አቧራማ ሜዳ ዳር ከአሰልጣኙ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለሩብ ሰዓት ያህል ኳሱን ትቼ እርሱን ብቻ አየሁ። ኳሱ ገና በመሀል ተከላካዩ እግር ሥር ሳለ ልጁ ጀርባውን ለተጋጣሚ ጎል ሰጥቶ ቆሟል። በቀኝ ትከሻው በኩል ዞር ብሎ አየ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ተጠጋ፤ በግራ ትከሻው በኩል ደግሞ አየ። ኳሱ ተልኮለት በመንገድ ላይ ሳለም አንድ ጊዜ ጨመረ። ከኋላው አንድ ግዙፍ ልጅ እየሮጠ ሲመጣበት ሰውነቱን ከፈት አድርጎ፣ ኳሱን ሳያቆም፣ በቀኝ እግሩ ውጫዊ ጎን ወደ መስመር ተጫዋቹ አሳለፈው። ግዙፉ ልጅ አየር መትቶ አለፈ። ማንም አላጨበጨበም፤ ከሩቅ ሲታይ ምንም የተደረገ ነገር ስለሌለ። አሰልጣኙ ብቻ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «አየኸው? እኔ አስተማርኩት ብል ውሸት ነው» አለኝ።

በኋላ ልጁን ራሱን ስጠይቀው ትንሽ አፍሮ «ጋሼ፣ ታናሽ ሆኜ ከትልልቆቹ ጋር ስለምጫወት እንዳይረግጡኝ ነው የማየው» አለኝ። ከዚህ የተሻለ የአማካይነት ትምህርት ከየትኛውም የአሰልጣኞች ሥልጠና የሚገኝ አይመስለኝም።

ይህ ነገር ለብሔራዊ ቡድኑ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በጥር 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ ከካሜሩን ጋር በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ ዳዋ ሆቴሳ ገና በ4ኛው ደቂቃ ጎል አግብቶልን 1 ለ 1 ሆነን ለዕረፍት ወጣን፤ ከዕረፍት በኋላ ሦስት ጎሎች ተቆጥረውብን 4 ለ 1 ተሸነፍን። ብዙ ሰው የተከላካዮቹን ቁመትና የካሜሩኖችን ጉልበት አነሣ። እኔ ግን ከዕረፍት በኋላ ያየሁት ሌላ ነው፤ መሀል ላይ ኳስ ተቀብሎ ዞር የሚል ሰው ስላጣን የተከላካዩ መስመር የመለሰው ኳስ ሁሉ ተመልሶ ራሱ ላይ ይወድቅ ነበር። ማንም ተከላካይ እንዲህ ያለውን ናዳ 45 ደቂቃ ሙሉ አይችልም። ከአምስት ወር በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ግን ኳስ መሀል ላይ ማረፊያ ነበራት፤ ሁለተኛውን ጎል ያገባውም ሐዋሳ ያፈራችው፣ ለዓመታት በግብፅ ሊግ የተጫወተው አማካዩ ሽመልስ በቀለ ነበር። የኛ ችግር ኳስ የሚወዱ አማካዮች ማጣት ሆኖ አያውቅም። የጎደለን ጀርባው ላይ ሰው ተለጥፎበት ኳሱን ወደ ፊት የሚያስኬድ ነው።

ያ የግብፅ ጨዋታ በወረቀት ላይ «በሜዳችን» የተደረገ ነበር። ካፍ የሚጠይቀውን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም በማጣታችን ባለሜዳ እየተባልን ማላዊ ተጫወትን ማለት ነው። ቀድሞ ተጋጣሚ አዲስ አበባ መጥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው እኛ በሩጫ እንበልጠው ነበር፤ ያ ስንቅ ከእጃችን ሲወጣ የቀረን በአእምሮ መቅደም ነው። በዚህ በኩል ድሬዳዋ የራሷ ድርሻ ያላት ይመስለኛል። በ1,200 ሜትር ገደማ፣ በዚህ ሙቀት፣ ዝም ብሎ የሚሮጥ ተጫዋች በ60ኛው ደቂቃ ያልቃል፤ ልጆቻችን እግራቸውን የሚቆጥቡትና ኳሱን የሚያስሮጡት ወደው አይደለም።

ከተማዋም ለእንዲህ ያለ ልጅ እንግዳ አይደለችም። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሣ የቡድኑ አምበል የነበረው ሉቺያኖ ቫሳሎ አማካይ ነበር፤ አስመራ ተወልዶ ለድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ክለብም ተጫውቷል። በፍጻሜው ጨዋታ 2 ለ 1 ተመርተን ሳለ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አቻ ያደረገን እርሱ ነው፤ በጭማሪው ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ደግሞ ናይጄሪያ፣ ዛየር፣ ሱዳንና በኋላ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ የምድብ ጨዋታቸውን እዚሁ ስታዲየማችን ውስጥ አድርገዋል። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ዛሬም ስለዚያ ሰሞን ሲያወሩ ሻያቸው ይቀዘቅዛል። የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተመረጡ ከተሞች በየተራ መካሄድ ከጀመሩ ደግሞ ተራው ድሬ ሲደርስ ልጁ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ከደረጃው ላይ ይገኛል። ደብተሩ የትምህርት መስሎኝ ነበር፤ አንድ ቀን ገልጬ ሳየው የአማካዮች አቋቋም በነጥብና በቀስት ተሥሎበታል።

አሁን ወደሚያሰጋኝ ልምጣ። የመጀመሪያው የዕድሜ ነገር ነው። እኔ ራሴ በ16 ዓመቴ በአንድ የታዳጊዎች ቡድን ውስጥ ነበርኩ፤ ክረምቱን ሙሉ ከተለማመድን በኋላ ውድድሩ ሲቃረብ በኔ ቦታ ጢሙን በጠዋት ተላጭቶ የመጣ ሰው ተሰለፈ። በወረቀት 15 ዓመቱ ነበር። ማልያዬን ለእርሱ አስረክቤ ውኃ አቀባይ ሆንኩ፤ በዚያው ታኬታዬን ሰቀልኩ። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫው የእጅ አንጓ አጥንትን በኤምአርአይ ስለሚመረምር እንዲህ ያለው ብልጠት እዚያ ድረስ አይዘልቅም፤ በየሰፈሩ ውድድር ግን የእውነተኛውን ታዳጊ ቦታ አሁንም ይበላል። ይህ ልጅ ዕድሜው የራሱ ነው። ስለዚህም ከእኩዮቹ ተብዬዎች አጠገብ ሲቆም ቀጫጫ ይመስላል፤ ለምርጫ የመጡ ሰዎችም ሁለት ጊዜ በሰውነቱ መዝነው አልፈውታል። ሁለት ዓመት ቢታገሡት አጥንቱ ይሞላል፤ አንገቱን ማዞር ግን በ20 ዓመቱ የሚጀምር ተጫዋች አላየሁም።

ሁለተኛው ሥጋቴ የኛው የደጋፊዎቹ ችኮላ ነው። አሁን ለዋናው ብሔራዊ ቡድን ጥሪ ቢቀርብለት የሚያገኘው የተጠባባቂ ወንበርና አንድ ፎቶግራፍ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ከ20 ዓመት በታች ቡድናችን አርጀንቲና በተደረገው የዓለም ዋንጫ እስከ መሳተፍ ደርሶ ነበር፤ እንዲህ ያለ መድረክ እንደገና የምናየው ተጫዋቾች ደረጃ በደረጃ ሲያድጉ ነው። የሚያስፈልገው በክለብ ደረጃ፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር፣ ነጥብ በሚጣልበትና በሚያዝበት ጨዋታ፣ እየተሳሳተም ቢሆን፣ ሳይቋረጥ መጫወት ነው። ለእርሱ የምመኝለት ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ መጀመሪያ የክለብ ቋሚነት፣ ቀጥሎ ከ20 ዓመት በታች ቡድን፣ ዋልያው ከዚያ በኋላ። እናቱ ደግሞ ከሁሉም በፊት የ12ኛ ክፍል ፈተናን ያስቀምጣሉ፤ አሸዋ ገበያ ካለው ሱቃቸው በር ላይ ቆመው «ኳሱን እናንተ ታውቃላችሁ፣ ፈተናውን ግን እኔ ነኝ የማውቀው» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

ጉድለትም አለበት፤ ካላነሣሁት እኔም ከከዚራው ጥላ ሥር አሰልጣኞች አልለይም። ኳስ ሲነጠቅ ቆሞ እጁን ያወናጭፋል፤ ያ ሦስት ሰከንድ በትልቅ ጨዋታ ጎል ነው። ቴስታ ይፈራል። ከሁሉ የከፋው ግራ እግሩ ነው፤ መቆሚያ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በግራ በኩል ሲዘጉበት ኳሱን ወደ ቀኝ ለማምጣት አንድ ንክኪ ይጨምራል፤ ይህን ያወቀ ተጋጣሚ በዚያች አንድ ንክኪ ይይዘዋል። አሰልጣኙም ነቅቶበታል። ሁልጊዜ ልምምድ ሲያበቃ ሌሎቹ ጣፋጩን ሙሸበክ ፍለጋ ሲሮጡ እርሱን ወደ ሜዳው ዳር አጥር ወስዶ በግራ እግሩ ብቻ ግድግዳ ያስመታዋል። ሲጀምር ኳሱ ወደ ጎረቤት ግቢ እየገባ ከሴትዮዋ ጋር ያጣላን ነበር፤ አሁን አሁን ቢያንስ ግድግዳውን አይስትም።

ቅዳሜ ቡድኑ ለወዳጅነት ጨዋታ ወደ ሐረር ይወጣል። ደንገጎን አልፈን ስንወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ኳሷም ከኛ ሜዳ ይልቅ ትፈጥናለች፤ ተጋጣሚዎቹም ከእርሱ የሚበልጡ ናቸው ተብሏል። ሚኒባሱ ላይ ቦታ ይዣለሁ። ጎል ቢያገባ እሰየው፤ እኔ ግን ደብተር ይዤ የምሄደው በግራ በኩል ሲዘጉበት ስንት ጊዜ በግራ እግሩ እንዳቀበለ ልጽፍ ነው።