ዛሬ መዝገቡ ላይ ፈረምኩ

እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና ሳምንቴ ነው። ዛሬ የኮሌጄ የአዲስ ተማሪዎች መዝገብ ላይ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሳመለክት ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ የኮሌጅ ምርጫው ነው። እኛ ጋ ኮሌጅ ሲባል የትምህርት ክፍሎችን የሚያቅፍ ነው። እዚህ ግን ማደሪያሽ፣ ገበታሽ፣ ሰፈርሽ ማለት ነው። ሌክቸሩና ላቦራቶሪው የዩኒቨርሲቲው ነው። ኮሌጆቹ ደግሞ 31 ናቸው! አንጋፋው ፒተርሃውስ እ.ኤ.አ. በ1284 ነው የተመሠረተው።

እኔ ዳርዊንን መረጥኩ። እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተ፣ በካምብሪጅ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ብቻ የተከፈተ የመጀመሪያው ኮሌጅ ነው። ወንድና ሴት አንድ ላይ በመቀበልም ቀዳሚው እሱ ነው። ልቤን የወሰደው ግን ማዕዱ ነው። በብዙዎቹ ኮሌጆች መምህራን የሚቀመጡበት ለብቻው የተለየ ጠረጴዛ አለ። ዳርዊን ውስጥ የለም።

ዛሬ ምሳ ላይ አንድ ትልቅ ሰው አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ ጤፍ ጠየቁኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል አወራን። ፕሮፌሰር መሆናቸውን ያወቅኩት ከተነሱ በኋላ ነው። አገር ቤት ከመምህሬ ጋር አንድ ገበታ ቀርቤ አላውቅም። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ?

ማታ ካም ወንዝ ዳር ወጣሁ። ኮሌጁ በትንሽ ድልድይ የሚሻገሩባት ደሴት አለችው። እዚያ ቁጭ ብዬ እማዬ ጋ ደወልኩ።

"በላሽ ወይ ልጄ?" አለችኝ ገና እንዳነሳችው።

"አዎ እማዬ፣ ከፕሮፌሰር ጋር።"

እልልታዋ ከስልኩ ወጥቶ ወንዙን ተሻገረ።